ስንት በሬ ይፈጃል?

አጎቴ እግራቸውን ያጡት በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ቀዶ ሕክምናውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ረዘም ያለ ነው። ውሳኔውን ነው የምላችሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ቢበዛ በአራት በአምስት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። መልካም ሰው ነበር፣ ይህን አልክድም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የአጎቴን እጅ ይዞ፣ “አባቴ፣ እግሩ ደም አይደርሰውም፤ ሞቷል። ቶሎ ካልቆረጥነው መርዙ ወደ ላይ ይወጣና ነፍስዎን ይወስዳል። ሌላ ምንም ማድረግ አይቻልም” አላቸው። አጎቴ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው እግራቸውን አዩት። ሁለቱ ጣቶች ከሰል መስለዋል። ትንሽ ዝም አሉና፣ “እንግዲህ ሌላ ነገር ከሌለው ምን እላለሁ” አሉ። ወረቀት መጣ። በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት፣ ኪሴ ውስጥ ኢንተርኔት ያለኝ እኔ፣ “ሌላ ነገር የለም ወይ?” ብዬ አልጠየቅኩም።

ሌላ ነገር ነበረ። እዚያ አልነበረም፤ ግን ነበረ። ይህን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሐኪም ከሆነ ጓደኛዬ ጋር ማኪያቶ ስንጠጣ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ሐኪሙን ለመክሰስም አልጻፍኩም። ጥፋት ሠራ ብዬ ለመናገርም አልደፍርም። የከነከነኝ ሌላ ነው። አንድ ሰው ሊደርስበት የማይችለው መዳኛ እንዳለ ሊነገረው ይገባል? ወይስ አለመንገሩ ምሕረት ነው?

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እናውራ። ሳያውቁ መፈላሰፍ አይሆንም።

ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርድበትን ደም ቅዳ እንደ መስኖ ቦይ አስቡት። ስኳር፣ ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ዕድሜ ውስጡን እየለሰኑ ያጠቡታል። ቦይ ሲደፈን መጀመሪያ የሚደርቀው መጨረሻ ላይ ያለው ማሳ ነው፤ እግር ላይ ደግሞ ጣትና ተረከዝ። ሰውዬው ዳገት ሲወጣ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይተወዋል። እየባሰ ሲሄድ ሌሊት በተኛበት እግሩን ያቃጥለዋል፤ ወደ ታች ሲያንጠለጥለው ደሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ትንሽ ይሻለዋል። አጎቴ አንድ ክረምት ሙሉ የተኙት እንደዚያ ነው፤ አንድ እግር መደቡ ላይ፣ አንድ እግር ተንጠልጥሎ። እኛ ቤት “ብርድ ነው” ተባለ። ቅቤ ተቀቡ። ጠበል ተጠመቁ። ከዚያ ኮንጎ ጫማቸው አውራ ጣታቸውን ትንሽ ላጠውና ያ ቁስል አልድን አለ። ስኳር እንዳለባቸው የታወቀው ሆስፒታል የገቡ ቀን ነው።

እግሩ ከመሞቱ በፊት ምን ይደረጋል? ገበሬ ቦይ ሲደፈንበት ጎን ለጎን ሌላ ቦይ ይቀዳል አይደል? ባይፓስ የሚባለው ይኸው ነው። ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ቆዳ ሥር የምትወርድ ረጅም ደም መልስ አለች፤ ሰው ያለ እሷ መኖር ይችላል። ሐኪሙ እሷን ያወጣና ከተደፈነው በላይ አንዱን ጫፍ፣ ከተደፈነው በታች ሌላውን ጫፍ ይሰፋል። ደም መልስ ውስጥ ደሙን ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ በሮች ስላሉ ብዙ ጊዜ ተገልብጣ ነው የምትሰፋው። ይህን ፓሪስ ውስጥ ዣን ኩንሊን የሚባል ሐኪም የጀመረው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ለመስፋቱ ጥበብ ግን የምንመሰገነው አሌክሲ ካሬልን ነው፤ የሱ ታሪክ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት። በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ሞተ፤ የተበጠሰውን የደም ሥር መልሶ የሚሰፋ ሰው አልነበረም። እዚያው ሊዮን የነበረው ወጣቱ ካሬል ይህ አላስተኛው አለ። ጥልፍ ከምትጠልፍ ሴት ዘንድ ሄዶ በቀጭን መርፌና በቀጭን ክር መሥራት ተማረ። በ1902 ዘዴውን አሳተመ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የእኛን አገር የቀሚስ ጥልፍ ባየሁ ቁጥር አሁን እሱ ትዝ ይለኛል።

ሌላው መንገድ መቅደድ የለበትም። በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ ገብቶ የተደፈነው ቦታ ሲደርስ ጫፉ ላይ ያለች ፊኛ ትነፋለች፤ አንዳንዴም ቦታው ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ ይቀመጣል። ቧንቧውን ከፍቶ የተለሰነውን ፍቆ ማውጣትም አለ። የረጋ ደም ከልብ ተነስቶ ድንገት እግር ላይ ሲወተፍ ደግሞ (በልጅነት የቶንሲል በሽታ ልባቸው የተጎዳ ወጣቶች ላይ የሚደርስ ነው) ቶማስ ፎጋርቲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሠራት ጫፏ ፊኛ በሆነች ቀጭን ቱቦ ጎትቶ ማውጣት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ግን ሰዓቱ ጠላት ነው፤ ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው።

የፊኛው ሕክምና እንዴት እንደተወለደ ጓደኛዬ ሲነግረኝ ነው ነገሩ ውስጤ የገባው። ጥር 1956 ዓ.ም. ነው፤ በአሜሪካ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ። አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት እግራቸው ደም አጥሮት ጣቶቻቸው መሞት ጀምረዋል። ሐኪሞቹ ቁርጥ ነው አሏቸው። አሮጊቷ “አላስቆርጥም” አሉ። በቃ፣ አላስቆርጥም። ቻርልስ ዶተር የሚባል፣ ቀዶ ሐኪም እንኳን ያልሆነ የራጅ ሐኪም፣ የጠበበውን ደም ቅዳ በቱቦ አስፍቶ ከፈተላቸው። እግራቸው ወዲያው ሞቀ። ከሁለት ዓመት በላይ በሁለት እግራቸው ሲሄዱ ኖረው በሌላ በሽታ አረፉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የልብም የእግርም ደም ሥር የሚከፈትበት ዘዴ መነሻው የአንዲት አሮጊት እምቢታ ነው።

አሁን ያቺ ሴት ጎዛምን ወይም ቢቡኝ ቢሆኑ ብላችሁ አስቡ። እምቢታቸውን ምን እንለው ነበር? “ግንዛቤ ማነስ” ነው የምንለው። “ገጠሬ ስለሆኑ አልገባቸውም።” ካርዳቸው ላይ “ሕክምና አልቀበልም ብለዋል” ተብሎ ይጻፍና ወደ ቤታቸው ይላካሉ።

የእኛ አሮጊት ግን ሌላም ችግር አለባቸው። ደም ሥር ብቻ የሚሠሩ ሐኪሞች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ቀላል ነው። በመንገዱ የሄደ ግን ያውቀዋል፤ ሉማሜን አልፎ ደጀን ሲደርስ ምድር ተሰንጥቃ ትጠብቃለች። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ጎሐ ጽዮን። ያም መንገድ ክፍት በሆነበት ቀን ነው። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ሲዘጋ የሰነበተባቸውን ጊዜያት የጎጃም ሰው አይረሳቸውም። ከየገጠሩ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ የሚወስደውን ቃሬዛና ባጃጅ ገና አልቆጠርኩም።

ጓደኛዬ አይነገር ከሚሉት ወገን ነው። ክርክሩን በደንብ ላስቀምጥለት፤ ምክንያቱም እኔ መጀመሪያ ላይ መልስ አጥቼለት ነበር።

“ነገርኳቸው እንበል” አለኝ። “ከዚያስ? አንድ በሬ ይሸጣል። ሪፈር ይጻፋል። ሦስት አስታማሚ ተከትሎ አዲስ አበባ ይገባል፤ ዘመድ ቤት ያድራል። ወረፋ አለ፣ ምርመራ አለ፣ ዕቃ ጠፋ ይባላል። ሁለተኛው በሬ ይሸጣል። እስከዚያ ጋንግሪኑ አይጠብቅህም። ከጉልበት በታች ይቆረጥ የነበረው እግር ከጉልበት በላይ ይሆናል። ጉልበት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጉልበቱ የተረፈለት ሰው ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ ይራመዳል። ጉልበቱ የሄደበት ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ከወንበር አይነሳም። እኔ በተስፋ ጉልበት አላስቆርጥም።”

ቀጠለ። የሞተ ሥጋ በባይፓስ አይነሳም፤ ጣቱ ከሰል ሆኖ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ለመጣ ሰው ፓሪስም ቢሆን መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በ2022 እ.ኤ.አ. 1,830 ታማሚዎችን ይዞ የወጣ ትልቅ ጥናት ጥሩ ደም መልስ ላለው ሰው መጀመሪያ ባይፓስ ይሻላል አለ፤ በዓመቱ እንግሊዞች በበኩላቸው ከጉልበት በታች ለተደፈነው መጀመሪያ ፊኛው ይሻላል የሚል ውጤት አመጡ። እግር ማትረፍም ሁልጊዜ ድል አይደለም አለኝ፤ በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በአደጋ እግራቸው ክፉኛ የተጎዳ 569 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እግሩ የተረፈለትም የተቆረጠበትም ኑሮው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። “እና ለአጎትህ ምን ልበላቸው? ኦሪገን ቢወለዱ ኖሮ?”

እዚህ ላይ ሳቅን። የሚያስቅ ሆኖ አይደለም።

የጉልበቱን ነገር እቀበላለሁ። ይህን መካድ ሰው መግደል ነው። ያ የአሜሪካ ጥናት ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። እዚያ የተቆረጠው ሰው ጥሩ ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ፣ በአስፋልት ሄዶ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ሞፈር ቀንበር ይዞ የሚያርስ ሰው ግን በሁለት እግሩም ይንገዳገዳል። በሐምሌ ጭቃ፣ እርፍ በአንድ እጅ ጅራፍ በአንድ እጅ ይዞ፣ የተገለበጠ አፈር ላይ ነው የሚሄደው። ባሕር ዳር በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ሲሠራ የቆየ የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ ከፕላስቲክ የሚሠራው እግር ጠንካራና በልክ የሚሆን ነው፣ ብዙ ሰው ተነስቶበታል። አጎቴም ያገኙት እንደዚያ ዓይነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይስሙበታል፣ ገበያ ይሄዱበታል። ማረስ ግን አልተቻለም። መሬቱን ለእኩል ሰጡ። በሬዎቹስ? አንዱ ለሕክምናና ለመመላለሻ ተሸጠ፣ ሌላው ብቻውን ምን ያደርጋል ተብሎ ተሸጠ። ጓደኛዬ “በሬ እንዳይሸጥ” ብሎ ሊደብቅላቸው የሚፈልገው ነገር ሳይነገራቸውም በሬዎቹ አልቀዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የማልስማማው ስለ አንዲት ቃል ነው። “አይቻልም።”

አማርኛ ይቺን ነገር በደንብ ያውቅበታል። “አልችልም” ሲባል የሚናገር ሰው አለ። “አንችልም” ሲባል ቤት አለ፣ ተቋም አለ፣ ወሰን አለው። “አይቻልም” ግን ባለቤት የለውም። ማን ነው የማይችለው? ማንም። ከላይ እንደ በረዶ የወረደ ነገር ነው። ሐኪሙ “እዚህ እኛ አንችልም” ቢል ኖሮ እውነት ነበር። “አይቻልም” ሲል ግን የአገር ጉድለት የአጎቴ አካል ጠባይ ሆነ። አጎቴም ቤታቸው ተመልሰው ለጠየቃቸው ሁሉ ሲያስረዱ የነበረው እንደዚያው ነው። “እግሬ ሞተ፤ የእግዜር ቁጣ ነው።” በሽታው እግራቸውን እንደወሰደ እንጂ ርቀት እንደወሰደው፣ ወረፋ እንደወሰደው፣ አንድ ክረምት ሙሉ “ብርድ ነው” ያልነው እኛ እንደወሰድነው አያውቁም። ኃጢአታቸውን ሲያስቡ ነው የከረሙት። የነፍስ አባታቸውን ጠርተው ንስሐ ገብተዋል። ለመንገድ መርዘም ንስሐ የሚገባ ሰው አስቡ።

ካንት የሚባለው ፈላስፋ የማይቻል ነገር ግዴታ አይሆንም ይላል፤ ማንም ባልቻለው አይጠየቅም። እሺ፣ ያ ወጣት ሐኪም ባይፓስ የመሥራት ግዴታ የለበትም፤ መርፌውም፣ ሥልጠናውም፣ ማሽኑም የለውም። አንዲት “እዚህ” የምትል ቃል መጨመር ግን ይቻለው ነበር።

ሕጉም የሚለው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ቆንጆ አንቀጽ ነው። ነገር ግን እምቢ ለማለት ከፊት ለፊት የተቀመጠው ነገር ከአንድ በላይ መሆን አለበት። አጎቴ የፈረሙት ወረቀት ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ያገባ ሁሉ ግን ወዶ አገባ አይባልም።

ጓደኛዬ የሚፈራው ሰዎቹ ሲነገራቸው የተሳሳተውን ይመርጣሉ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ገበሬን ንቆታል ብዬዋለሁ። ዕድሜ ልኩን ዝናቡ ይዘገያል ወይስ ይመጣል፣ ጤፍ ልዝራ ወይስ ባቄላ፣ ወይፈኑን ዘንድሮ ልሽጥ ወይስ ላክርመው እያለ በማይታወቅ ነገር ላይ የሚወስን ሰው ነው። “አዲስ አበባ ሌላ ሕክምና አለ፤ ግን እግርዎ እዚህ ደረጃ ስለደረሰ የመሳካት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ብንዘገይ ጉልበቱም ይሄዳል፤ እኔ ብሆን አሁን አስቆርጣለሁ” ቢባሉ አጎቴ ያንን ሒሳብ ከእኔ በተሻለ ያሰሉት ነበር። ምናልባትም ያንኑ ወረቀት ይፈርሙ ነበር። አነጋገሩ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ከፍትፍቱ ፊቱ እንዲሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ያ ሐኪም ፊቱ ነበረው፤ ፍትፍቱን ነው ያጎደለው።

ሌላም ነገር አለ። ካልተነገረ አይጠየቅም። ኩላሊቱ የደከመ ወንድማችን ፎቶው መኪና ላይ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ ብር ሲሰበሰብለት ያላየ የከተማ ልጅ የለም። ለምን? ንቅለ ተከላ የሚባል ነገር እንዳለ ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። ሰው ባወቀው ልክ ይጮኻል። አገር ውስጥም በ2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ለእግር ባነር ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም። የተቆረጠው ሰው ሁሉ ሌላ ነገር እንዳልነበረ አምኖ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው፤ ለሌለ ነገር ደግሞ ማን ይጮኻል?

መናገር ብቻውን እግር ያተርፋል ወይ የሚል ካለ ወደ ወጌሻው እንሂድ። ይህ ከአጎቴ ጉዳይ ይለያል፤ ግን ያው የደም ነገር ነው። ልጅ ከዛፍ ይወድቃል፣ ክንዱ ይሰበራል። ወጌሻው በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ አጥብቆ ያስረዋል። ክንዱ ያብጣል፣ እስሩ ግን አይላላም፤ ደም መግባት ያቆማል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፤ “አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻል” ይባላል። በሦስተኛው ቀን ማልቀስ ሲያቆም ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ነርቩ ሞቶ ነው። ኢትዮጵያዊው ሐኪም መኮንን እሸቴ በ2005 እ.ኤ.አ. በአንድ የእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጽፏል። ወጌሾችን ከመኮነን ይልቅ ሰብስቦ አንድ ቀን ማሠልጠን ጋንግሪን ይዘው የሚመጡትን ልጆች ቁጥር ቀነሰ። አንድ ቀን! ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ እስሩን ፍታ። ይህ ነው እንግዲህ ትምህርቱ።

አጎቴ ቤት ግድግዳው ላይ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል አለ፤ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተሰብሮ የወደቀው፣ ክንፍ ያላቸው። ጥር 24 ሰባረ ዐፅማቸው ሲከበር አጎቴ ጋ ሁልጊዜ ጠበል ጸዲቅ አለ። የተቆረጡ ዓመት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ “ጻድቁም በአንድ እግራቸው ነው የጸለዩት፤ አይዘኑ” ሲላቸው አጎቴ፣ “እሳቸው ክንፍ በቀለላቸው፤ ለእኔ የተሰጠኝ ክራንች ነው። ደግሞም አያርሱም ነበር” አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ቄሱም ሳቁ። የተቆረጠውን እግር በነጠላ ጠቅልለን አምጥተን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር የቀበርነው እኔና የአክስቴ ልጅ ነን። ክብደቱ አሁንም እጄ ላይ አለ። ያን ዕለት ካልቀረ አካል ጋር ሙሉ ሆኖ መነሳትን ነበር የማስበው፤ ዛሬ የማስበው ከመቀበሩ በፊት የነበሩትን ሦስት ወራት ነው።

ታዲያ እኔ ራሴ ምን አደረግኩ? ከጓደኛዬ ጋር ከተከራከርኩ በኋላ ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። ስድስት ቀን አብሬያቸው ሰነበትኩ፤ አምስቱን ቀን አልተናገርኩም። አሁንማ ምን ይጠቅማል? እግሩ ተቀብሯል። ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ ሕሊና ልነግራቸው እንዳይሆን ፈራሁ። እስካሁንም እሱ አይደለም ብዬ መማል አልችልም። የጓደኛዬ ክርክር በጣም የከበደኝ ያኔ ነው፤ ካፌ ውስጥ ያሸነፍኩት ሰውዬ መደቡ ላይ አሸነፈኝ።

በስድስተኛው ቀን ማታ ነገርኳቸው። የደም ሥሩን፣ ፊኛውን፣ አዲስ አበባን። እግሩ በዚያ ደረጃ ላይ ሆኖ ላይሳካ ይችል እንደነበርም ነገርኳቸው። ዝም ብለው እሳቱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ፣ “ስንት በሬ ይፈጃል?” አሉኝ።

አላውቅም አልኩ። አንድም ሁለትም ሊሆን ይችላል አልኩ።

“ሁለት ነበሩኝ” አሉ።

ሌላ ቃል አልተናገሩም። አክስቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ፤ ልክ ነበረች ይሆናል። ያን ሌሊት አንዳችንም በቅጡ አልተኛንም። ጠዋት ሻንጣዬን ሳስር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር። “አንተ ልጅ፣ ያ የደም ሥር ያልከው ከማን ነው የሚወሰደው? ከሌላ ሰው?” ከራስዎ ነው፣ ከገዛ እግርዎ አልኳቸው። ክራንቻቸውን ደገፍ ብለው ቆሙ። “ከገዛ እግሬ” አሉ፤ እንደገና፣ “ከገዛ እግሬ።” ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር መተርጎም አልችልም። ኀዘን ብቻ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ “የእግዜር ቁጣ” ሲሉ አልሰማኋቸውም፤ “ነቅተን ቢሆን” ነው የሚሉት። ይህ ይሻላል? ቁጭት ከፀፀት የቀለለ ሸክም ነው? እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን እጠራጠራለሁ።

ባለፈው ወር ግን ደወሉልኝ። እሳቸው ስልክ የሚደውሉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ከቤታቸው በላይ ያለች አንዲት ባልቴት ናት፤ አጎቴ ለቡና ሄደው ሲያወሩ፣ ሌሊት እግሯን ከመደቡ አንጠልጥላ እንደምትተኛ ነገረቻቸው። ቤተሰቡ ብርድ ነው ብሏል። ቅቤ ተቀብታለች።

“ጣቷ ገና አልጠቆረም” አሉኝ፤ ድምፃቸው ችኩል ነበር። “ያን ጓደኛህን ጠይቅልኝ። ስንት ቀን አላት?”

ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበርና አላነሳም። ማታ መልሶ ደወለ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ “የእግሯ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ከፍ ብሎ፣ የደም ምት ይዳስሱ። ሁለቱንም እግር ያስተያዩ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ትሂድና ስኳሯን ትለካ፤ ሪፈር ሲጽፉላት ‘ለደም ሥር’ ብለው ይጻፉላት፣ ‘ለቁስል’ እንዳይሉ” አለኝ።

ለአጎቴ መልሼ ደወልኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ባትሪያቸውን ይዘው፣ በክራንች ዳገቱን ጀምረው ነበር።